የአቶ ሙጬ አምስት ጆንያ

የበደለኝ አቶ ሙጬ ነው። የበደለኝም የሱዳን ጦርነት በተነሣ በሁለተኛው ክረምት፣ በነሐሴ፣ በፍልሰታ ጾም ውስጥ ነው። ስሙን የምጽፈው እሱ የእኔን ስም በምእመናን ፊት ስለጠራ ነው። ድሮ አንቱ እለው ነበር፤ ትቼዋለሁ።

የእህል ሰፋሪነቱን ሥራ የጀመርኩት ከዚያ ብዙ ዓመት ቀድሜ ነው። ኮኪት ያለችው ቤተ ክርስቲያናችን በደጀ ሰላሙ ጥግ አንድ በርሜል ማሽላ ለታመመ ሳሉግ ታስቀምጥ ነበር። ሳሉግ የምንለው ሰሊጥ ለማረምና ለማጨድ ከደጋ የሚወርደውን የቀን ሠራተኛ ነው። በመጀመሪያው ቀን የደብሩ አስተዳዳሪ አባ ጥላሁን ቁልፍና ጣሳ ሰጡኝ።

«ዘርፌ፣ በዚህ የምትሰፍሪው የሰው ነፍስ ነው» አሉኝ።

«እፈራለሁ አባ።»

«ስለምትፈሪ ነው የሰጠሁሽ።»

አንዱ በርሜል ሦስት ሆነ። ከዚያ ጎተራ ሠራን፣ ከዚያ የቆርቆሮ ክዳን ያለው መጋዘን። ከሱዳን የሚሸሽ ሰው በመተማ በኩል ሲበዛ ሽሮና ዘይትም መያዝ ጀመርን። ገበሬው የስለት እህሉን ያመጣል፣ የገንዳ ውሃ ነጋዴ ሰሊጡን ሲሸጥ ይልካል፤ እኛ ሰኞና ሐሙስ እንሰፍራለን። ክርስቲያን እስላም አንልም።

የመጣ ጆንያ ሁሉ መጀመሪያ በእኔ እጅ ያልፋል። ከአፉም ከታቹም እፍኝ አወጣለሁ፣ ሰፌድ ላይ እበትናለሁ፣ አሸትታለሁ። የሚያስፈራኝ ነቀዝ አይደለም። በእኛ ቆላ ዘር ከመዘራቱ በፊት በቀይ መድኃኒት ይታሻል። ከተዘራው የተረፈውን አጥቦና አድርቆ «እህል ነው» የሚል አይጠፋም። ቀለሙ ይለቃል። መድኃኒቱ መልቀቁን ግን ማን ያውቃል?

አቶ ሙጬ የሰበካ ጉባኤው ምክትል ሊቀ መንበር ነበር፤ የራሱ ትራክተር ያለው ገበሬ። ያን ነሐሴ አምስት ጆንያ ማሽላ ጭኖ መጣ። ሰፌዱ ላይ በተንኩት። ነጭ ነው። ግን የፍሬው እንብርት ላይ፣ ከዘለላው የተላቀቀበት ቦታ፣ ቀይ ቀርቷል።

«ይሄ የዘር ትራፊ ነው አቶ ሙጬ። አልቀበልም።»

«በሦስት ውሃ ታጥቧል።»

«እንብርቱን ይዩት።»

«የስለት እህል እንብርት ትቆጥሪያለሽ? ዘሬ ከበቀለ ብዬ የተሳልኩት ነው። ስለት አይመለስም። ብትመልሽው ለእኔም ላንቺም አይበጅም።»

«እንግዲያው መጀመሪያ ለዶሮዎችዎ ይስጡት።»

«ዶሮዎቼን ልትፈጂ ነው?» አለ። ከዚያ የተናገረውን ራሱ ሰማና ወደ ትራክተሩ ዞረ።

ጆንያዎቹን በረንዳ ላይ አስቀርቼ ለአባ ጥላሁን ነገርኳቸው። «ከፍልሰታ በኋላ እናየዋለን» አሉ። በማግስቱ ሽንፋ ያለችው እህቴ ሞታ ለቅሶ ሄድኩ። ቁልፉን ለአባ ተውኩላቸው። ጆንያዎቹን ሳላስወግድ መሄዴ የእኔ ጥፋት ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው የእኔ አይደለም።

በሦስተኛው ቀን፣ ዓርብ ጠዋት ስመለስ በረንዳው ባዶ ነው። ጎተራውን ከፈትኩ። ቀይ እንብርት ያለው ፍሬ ከጥሩው ጋር ተቀላቅሏል። አቶ ሙጬ ቁልፉን ከአባ ተቀብሎ ስለቱን በገዛ እጁ ገልብጦታል። ሰፋሪዋ የለችም ብሎም ሐሙስ ራሱ ሰፍሮ አድሏል።

የወሰዱትን ሰዎች ስም ከመዝገቡ ይዤ በየቤቱ ዞርኩ። ይዘንባል፤ ዋልካው ጫማዬን ከእግሬ ላይ አስቀረው። በየበሩ «ፈጭታችኋል? በልታችኋል?» እላለሁ። መልሱን ከመስማቴ በፊት ጆሮዬን መድፈን ያምረኝ ነበር። የሁሉንም እህል ሳይበላ ደርሼ መለስኩ፤ የሳሉጎቹ ዳስ ብቻ ቀረ።

ሰይድ የሚባል የወሎ ሰው፣ የሦስት ልጆች አባት፣ ዳሱ ውስጥ ተኝቷል። ያስመልሰዋል፣ ለሃጩ ይዝረበረባል፣ ክንዱ ይርገበገባል። ጓደኞቹ እርሻ ስለነበሩ አልበሉም፤ እሱ ርቦት ገንፎውን ቀድሟቸው በልቷል።

«አብሽሪ እናቴ» አለኝ እየተንቀጠቀጠ። «ቀይ ነገር አይቼበት ነበር። የተሰጠ እህል ይመረጣል እንዴ ብዬ ነው።»

በዚያ ጭቃ ባጃጅ አይሄድም። በቅርብ ያለው ትራክተር የአቶ ሙጬ ብቻ ነው። ሄጄ አንቱ ብዬ ለመንኩት። ሰጠኝ። ሰውየው ምን በልቶ እንደታመመ ግን አልጠየቀኝም።

ገንዳ ውሃ ሐኪም ቤት ሁለት ቀን ሰይድ አጠገብ ተቀመጥኩ። ትንፋሹ በዘገየ ቁጥር የእኔም ይቆም ነበር። ዳነ። የጎተራው እህል ሁሉ ተቀበረ፤ ጥሩውም አብሮ።

እኔ እዚያ ሳለሁ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ አቶ ሙጬ ተነሥቶ «የነቀዝ መድኃኒት እህሉ ውስጥ የጨመረችው ዘርፌ ናት፤ አርጅታለች» አለ። አባ ጥላሁን መሬት መሬቱን ያዩ ነበር ብለው የነበሩት ነገሩኝ። እኔን የጠየቀኝ የለም፤ ቁልፉም አልተመለሰልኝም። ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ሙሉ ከእጄ ውሃ የሚቀበል አልነበረም። በገበያ ሴቶች ልጆቻቸውን ከአጠገቤ ሲስቡ አያለሁ።

ሰይድ ወሎ ከመግባቱ በፊት ደጀ ሰላሙ በር ላይ ቆሞ ማን እንደሰፈረለት ተናገረ። ሰሙት። ይቅርታ የጠየቀኝ ግን የለም።

ከእኔ በኋላ ሁለት ሰዎች ቁልፉን ይዘው ሁለቱም ፈርተው መለሱ። ያኔ አባ ጥላሁን ቁልፉን ይዘው ቤቴ መጡ። አንድ ነገር ጠየቅኋቸው፤ እሺ አሉ።

አሁን ቀይ ያየሁበት ጆንያ ከመጣበት ይመለሳል። ንጹሕ የመሰለኝንም ከላዩና ከታቹ እፍኝ ወስጄ እቀቅላለሁ፤ ንፍሮውን መጀመሪያ ያመጣው ሰው ይበላል። ካልበላ ጆንያው አይገባም። ለሚተካኝ የምለው ይህን ብቻ ነው፤ ስለትም እህል ነው፣ እህል ደግሞ ይታያል።

ባለፈው ጥር አቶ ሙጬ ሁለት ጆንያ ይዞ መጣ። እንብርቱን አየሁ፤ ንጹሕ ነው። ቀቀልኩና ሰሃኑን ሰጠሁት።

«ሰው ያየኛል» አለ።

«ይይህ» አልኩት።

ቆሞ በላ። እስኪጨርስ ጠበቅኩ። ከዚያ መጋዘኑን ከፍቼ ጆንያዎቹን አስገባሁ።