የእማማ ለምለም ጥያቄ በሰቆጣ ቤተ መጻሕፍት

ይህ ጉዞ መጻፍ ይገባው እንደሆነ አሁንም እጠራጠራለሁ። መኪና አልተገለበጠብንም፤ የሄድኩትም ወደ ተወለድኩበት ከተማ ነው። በዚያ ላይ ያጠፋሁት ነገር አለ። ቢሆንም ልጻፈው።

የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። በእረፍቴ ወደ ሰቆጣ የተነሣሁት የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ጋሽ አበራ ስለ ፅንስ ማቋረጥ ውይይት ሲያዘጋጁ እንዳግዛቸው ስለጠሩኝ ነው። የአካባቢውን ቋንቋ ኽምጣናን የሚሰማ፣ በአማርኛ አስተካክሎ የሚጽፍ ሰው ፈልገው ነበር።

ዓርብ

ጠዋት ከላሊበላ በሚኒባስ ወጣን። ኮረኮንቹ መንገድ ገደል እየታከከ ይወርዳል፣ መልሶ ይወጣል። አጠገቤ የተቀመጠች ሴት የሃያ ብር ቆሎዋን ዘረጋችልኝና የምሄድበትን ጉዳይ ጠየቀችኝ። ነገርኳት።

"እሱ ደግሞ በአደባባይ ይወራል?" ብላ ቆሎውን ሰበሰበች። ብዙ ከሄድን በኋላ አንድ እፍኝ ሰጠችኝ። "ብቻ አትጯጯሁ።"

ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት

ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ጥያቄ ያለው ሰው ስሙን ሳይጠቅስ ጽፎ ካርቶን ውስጥ ይጨምራል፤ ቄሱ አባ ተክሌ እያወጡ ያነባሉ። ከሰቆጣ ዙሪያ የመጡት እማማ ለምለም መጻፍ ስለማይችሉ በኽምጣና በጆሮዬ ነገሩኝ።

"ልጄ ፅንስ ማቋረጧን ሰምቼ ጮህኩባት። ይኸው እዚሁ ከተማ ቤት ተከራይታ ቀረች። ብሄድ መጀመሪያ ምን ልበላት?"

በጥንቃቄ ጻፍኩ። መምህራችን ጥያቄ መነሻው ይገለጽ ስለሚሉ፣ ከላይ የመንደራቸውን ስም፣ ባል የሞተባቸውና የአንዲት ልጅ እናት መሆናቸውን ጨመርኩ። ወረቀቱን ካርቶኑ ውስጥ ከጣልኩ በኋላ ሦስት የመንደራቸው ሰዎች ገቡ። ደነገጥኩ። ያ ከተነበበ ማንነታቸው ይታወቃል። ግን አባ ካርቶኑን ይዘው ምርቃት ጀምረው ነበር።

የሚናገረው ትልቁን መዝገበ ቃላት የያዘ ሰው ብቻ ነው።

"ይሄን ተሸክሞ ማን ረጅም ያወራል?" አሉ አንድ ሽማግሌ።

"ለዚያ ነው የመረጥነው፣ አባባ!" አሉ ጋሽ አበራ። ቤቱ ሳቀ።

ከጤና ጣቢያ የተጋበዘች ነርስ ሕጉን አስረዳች፤ አባ የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት ተናገሩ። አልተስማሙም፤ ግን አንዱ ሌላውን አላቋረጠም።

ሦስተኛው ወረቀት የእኔ ነበር። አባ በዝምታ አነበቡት፤ ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። ከዚያ "አንዲት እናት እንዲህ ትጠይቃለች" ብለው ጥያቄውን ብቻ አሰሙ። የላይኛውን ቀደው ኪሳቸው ከተቱ።

አንዲት ሻይ ሻጭ መዝገበ ቃላቱን ተቀበለች። "እኔ ብሆን፣ በልተሻል ወይ ብትለኝ ይበቃኛል።"

ሲያበቃ "አባ፣ ይፍቱኝ፤ የጻፍኩት እኔ ነኝ" አልኳቸው።

"እግዚአብሔር ይፍታሽ። ጽሑፍሽ ቆንጆ ነው፤ ግን ታበዢዋለሽ።"

ለእማማ ለምለምም ጥፋቴን ነገርኳቸው። ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሡ። "እንግዲያውስ እስከ በሯ ታደርሺኛለሽ።"

ልጅቷ ስትከፍት እናት የተመከሩትን ሁሉ ረሱት። "እግሬን ደከመኝ" አሉ።

ልጅቷ አላቀፈቻቸውም። አልጋው ላይ ያለውን ልብስ ወደ ጎን አድርጋ መቀመጫ ሠራችላቸው። በሩን ዘግቼላቸው ተመለስኩ።

ሰኞ

ወደ ዩኒቨርሲቲው ተመልሼ ማደሪያዬ ገባሁ። መጠንቀቅ ማለት ሁሉን መጻፍ ይመስለኝ ነበር፤ የሰው ነገር ሲሆን መተውንም መልመድ አለብኝ።

ከሳምንታት በኋላ ጋሽ አበራ ደወሉልኝ። ልጅቷ ቅዳሜ፣ የካቲት ሃያ ዘጠኝ ቀን ከእናቷ ጋር ወደ መንደሯ መመለሷን ነገሩኝ።