የእቴቴ አስካለ ልቃቂቶች

ዝናብ በሚዘንብበት ቀን ሜትሮ ውስጥ የረጠበ ሱፍ ይሸታል። ሰው ሁሉ ካፖርቱን እንደለበሰ ተጠጋግቶ ይቆማል፣ መስኮቱ በትንፋሽ ይሸፈናል፣ ያ ሽታ አፍንጫዬ ሲገባ ሮም መሆኔን እረሳና ደብረ ብርሃን፣ የአክስቴ የእቴቴ አስካለ የሱፍ ባና ሥር እገባለሁ።

ባለፈው ኅዳር ከልጄ ከሳራ ጋር ከትምህርት ቤቷ ስንመለስ እንደዚሁ ሸተተኝ። አስተማሪዋ ጠርታኝ ነበር። እኔ የማውቀው የወጥ ቤት ጣልያንኛ ነው፤ የምንከባከባቸው አሮጊት ሲኞራ ብዙ ስለማያወሩ ከድስቱና ከመድኃኒቱ ሰዓት አላለፍኩም። አስተማሪዋ ረጅም ንግግር ተናግራ ስታበቃ፣ መካከላችን የተቀመጠችው የዐሥር ዓመቷ ሳራ ወደ እኔ ዞራ «አሎራ፣ ጎበዝ ነች ትላለች፣ በቃ» አለችኝ። ያ ሁሉ ንግግር በሁለት ቃል እንዴት እንዳለቀ እያሰላሰልኩ እጇን ይዤ ባቡር ውስጥ ገባሁ። ብርድ ነበር፣ የሳራ እጅ ግን አልቦት ነበር። ልጄ እየዋሸችኝ ይሆን ብዬ ስጨነቅ፣ ሽታውና ያላበው እጅ አንድ ላይ መጡብኝ።

እቴቴ አስካለ የአባቴ ታላቅ እህት ነበሩ። የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳሉ ጽኑ ትኩሳት ይዟቸው መጀመሪያ ዓይናቸው ጠፋ፣ ዓመት ሳይሞላ ጆሯቸውም ተከተለ። አንደበታቸው ስለቀረላቸው ይናገሩ ነበር፣ የራሳቸውን ድምፅ ስለማይሰሙ ግን አጠገባቸው የተቀመጠውን ሰው ወንዝ ማዶ እንዳለ እየጮኹ ያናግሩት ነበር። እኛ የምንመልስላቸው በእጃቸው ላይ ነበር። አባቴ አውራ ጣታቸውን ይጨብጥ፣ እናቴ የእጃቸውን ጀርባ ታሽ፣ እኔ አንጓቸውን ሁለት ጊዜ መታ መታ አደርግ ነበር፤ ይህ ስማችን ነበር። ጠዋት ጠዋት «ዛሬ ምንድን ነው?» ብለው እጃቸውን ይዘረጉልኝና፣ የጾም ቀን ከሆነ ጣቶቻቸውን አጥፌ እጨብጣቸዋለሁ፣ የፍስክ ቀን ከሆነ መዳፋቸውን እዘረጋዋለሁ። የሚበሉትና የማይበሉት፣ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱበትና የሚቀሩበት ቀን ሁሉ በእኔ እጅ ነበር።

በክረምት ምድጃ አጠገብ፣ ጥቅምት ሲገባ ደግሞ ደጃፉ ላይ ፀሐይ እየሞቁ ይፈትሉ ነበር። ለባና የሚሆነውን የበግ ጸጉር ለሽያጭ፣ ጥጡን ግን ለማተብ ነበር የሚፈትሉት፤ ልጅ ክርስትና የሚያስነሱ ሰዎች የእሳቸውን ፈትል ለልጃቸው አንገት ይፈልጉት ነበርና፣ ከመንዝ ድረስ እየመጡ ደጃችን ላይ ይቀመጡ ነበር። ከጥጡ በየቀኑ ጠዋት አንዲት ትንሽ ልቃቂት ጠቅልለው ከአልጋቸው ሥር ያለው ቅርጫት ውስጥ ያስቀምጧታል፣ ወር ሲገባ ቅርጫቱን ባዶ አድርገው ለጠያቂው ሁሉ ያድሉታል፤ እስከዚያው ድረስ አንዲቷንም የነካ ሰው ወዮለት። እናቴ አንድ ቀን ለመርፌ ክር ብላ አንዷን ብታነሳባቸው ጩኸታቸው ጎረቤት አሰባስቦ ነበር።

የሚመጣው እንግዳ ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነበር። እኔ ጆሯቸውን ነካ አድርጌ መዳፋቸው ላይ መስቀል ስሠራ ቀድመው ያውቁታል። «ሳትሰማ እንዴት ታስቀድሳለች ነው የሚለው? ደግሞ መጣ!» ብለው ይስቁና፣ ጆሯቸው የተዘጋው ቅዳሴ መሐል ቆመው እንደሆነ ይናገራሉ። «ካህኑ ሳያሰናብቱን ነው የተዘጋብኝ። በሰላም ግቡ ሲሉ አልሰማሁም። ስለዚህ ለእኔ ቅዳሴው አላለቀም፣ እዚያው ቆሜያለሁ» ይሉ ነበር። እንግዶቹ ያለቅሳሉ፣ እኔ ግን ሺህ ጊዜ ስለሰማሁት መጫወት ያምረኝ ነበር።

ጥር ላይ ውርጩ የደጃፉን ውሃ ያረጋው ነበር። በዚያ ብርድ በየበዓሉ ቀን ይዣቸው እሄዳለሁ፣ ከበሮ መቺው ያውቃቸው ስለነበር እጃቸውን ከበሮው ጎን ላይ እንዲያሳርፉ ይፈቅድላቸዋል፣ እሳቸውም አፋቸውን ከፈት አድርገው በመዳፋቸው ያዳምጣሉ። ፊታቸው እንደዚያ ሲሆን ከጎናቸው መቆም ያኮራኝ ነበር። ስንመለስ ግን የሰፈር ልጆች «የእቴቴ በትር! የእቴቴ በትር መጣች!» ይሉኛል፣ ኩራቱ እዚያው ይጠፋል። በዐቢይ ጾም ያን መንገድ በየቀኑ፣ አንዳንዴ እንቅልፌ ሳይለቀኝ እመላለሰው ነበር። እንደሚደክመኝ ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

የሆነው ነገር የሆነው ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ በነሐሴ ነው። ፍልሰታ ነበር፣ በየቀኑ ከሰዓት ቅዳሴ ነበር፣ ጭቃው ደግሞ ጫማ ከእግር ያወልቅ ነበር። ዐሥራ ሁለት ቀን ሙሉ ይዣቸው ስመላለስ ቆይቼ፣ በዐሥራ ሦስተኛው ቀን ቡሄ ሆነ። ከጠዋት ጀምሮ ጅራፉ ከየአቅጣጫው ይጮሃል፣ ልጆቹ ከቤት ቤት እየዞሩ ሙልሙል ይሰበስባሉ፣ እኔ ብቻ ደጃፍ ላይ ቆሜአለሁ። እቴቴ እንደ ወትሮው «ዛሬ ምንድን ነው?» ብለው እጃቸውን ዘረጉልኝ። እኔም ጣቶቻቸውን ሳላጥፍ መዳፋቸውን ዘረጋሁት። ጾሙ ተፈታ ማለቴ ነበር። ነገ መልሼ እጨብጣቸዋለሁ፣ ቆጠራው የተምታታባቸው ይመስላቸዋል ብዬ ነበር።

«ተፈታ?» አሉ ጮኸው።

አንጓቸውን አንዴ ብቻ መታሁ። አዎ ማለቴ ነው።

«እንግዲያው ወተት አምጪልኝ!»

ይህን አላሰብኩትም ነበር። እናቴ ገበያ ሄዳለች፤ ቤት ውስጥ ለታናሽ ወንድሜ የተቀመጠ ወተት አለ። ብቆም ውሸቴ ሊታወቅ ነው፣ ባመጣ ደግሞ ከልጅነታቸው ጀምሮ አንድ ቀን ያልሻሩትን ጾም በእኔ እጅ ሊሽሩ ነው። ቀድቼ አመጣሁና ኩባያውን እጃቸው ላይ አደረግኩት። አሸተቱት። ሳይጠጡ ጭናቸው ላይ አሳረፉት፣ በሌላው እጃቸው የእኔን እጅ ፈልገው ያዙ። ውጪ ጅራፍ ይጮሃል፣ እሳቸው አይሰሙትም። በዚህ መሐል እናቴ በሩን ከፍታ ስትገባ ነፋሱ ፊታቸውን መታቸውና ሰው እንደገባ አወቁ። ያን ጊዜ ወደ እሳቸው ሳቡኝ፣ አፋቸውን ጆሮዬ ላይ አደረጉ፣ ድምፃቸውን መመጠን የማያውቁት ሴትዮ እንደ ትንፋሽ ባለ ድምፅ፣

«እጅሽ አልቦታል። የፍስክ ቀን እጅ አያልብም» አሉኝ። «ደክሞሽ ነው፤ ሂጂ ተጫወቺ። ግን እኔ በአንቺ እጅ ነው የምጾመው።»

ከዚያ ኩባያውን ወደ በሩ ዘርግተው በዚያው በተለመደው ጩኸታቸው «ይኸው የሕፃኑ ወተት! እንዳይደፋ!» አሉ። እናቴ ምንም ሳታውቅ ተቀበለቻቸው። እኔ ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ አጠፍኳቸውና ጨበጥኳቸው። አልተጫወትኩም። ባናውን ደርቤላቸው ይዣቸው ወጣሁ፣ ዝናቡ ደበደበን፣ ልጆቹ «የእቴቴ በትር!» አሉኝ፣ የረጠበው ባና እስከ ቤተ ክርስቲያን ድረስ ሸተተኝ።

ከዚያ ወዲህ አልዋሸኋቸውም። አምስተኛ ክፍል ስደርስ እናቴ ሌላ ልጅ ወልዳ እሳቸውን የሚይዝ ሲጠፋ ትምህርቴን አቋረጥኩ፤ ማንም አላስገደደኝም፣ ማንም አትቅሪ አላለኝም። ዐሥራ አምስት ዓመት ሲሆነኝ ጥር ውስጥ ዐረፉ። ሴቶቹ ሲገንዟቸው እኔ ቅርጫቱን ከአልጋው ሥር አወጣሁ። ምን እንዳሰኘኝ አላውቅም፣ ልቃቂቶቹን ቆጠርኳቸው፤ ዐሥራ ስምንት ነበሩ። ዕለቱም ጥር ዐሥራ ስምንት ነበር። ለካ አንዲት ልቃቂት አንድ ቀን ነበረች፤ በዚያ ቡሄ ዐሥራ ሦስት እንደነበሩ ያን ጊዜ ገባኝ። ቀኑን ሁልጊዜም ያውቁት ነበር፤ እንዲያም ሆኖ እስከዚያች ጠዋት ድረስ እጃቸውን ዘርግተው ይጠይቁኝ ነበር።

ባቡሩ ፖንቴ ማሞሎ ጣቢያ ሲደርስ ወረድን፣ ጣሪያው ሥር ዝናቡ እስኪያባራ ቆምን። ጎንበስ ብዬ በጆሮዋ «ሳሪዬ፣ እጅሽ አልቦታል» አልኳት።

«ማማ፣ ባስታ! በቃ!» ብላ እጇን ልትነጥቀኝ ሞከረች፣ ከዚያ ግን ፊቷን ካፖርቴ ውስጥ ቀብራ አለቀሰች። አስተማሪዋ ያለችው ሌላ ነበር። ሳራ ክፍል ውስጥ ታንቀላፋለች፣ የኪራዩንም፣ የመኖሪያ ፈቃዱን የፔርሜሶውንም ወረቀት እሷ እንደምታነብልኝ ተናግራለች፣ ይህ የልጅ ሥራ አይደለም፣ በሚቀጥለው ጊዜ ትልቅ ሰው ያስተርጉም ነው ያለችው።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ሌላ ሰው እንዲያወራልሽ አልፈልግማ! ቀስ ብለው አያስረዱሽም» አለችኝ።

ራሴ በትር ሆኜ አድጌ፣ ልጄን ሳላውቀው በትር አድርጌያታለሁ። እቴቴ አስካለ ዓይንም ጆሮም አልነበራቸውም፣ ግን ክር ነበራቸው፤ እጄን የጠየቁት ቸግሯቸው አልነበረም። እኔ ዓይኔም ጆሮዬም ደህና ሆኖ ከሳራ እጅ ሌላ ምንም አልነበረኝም።

ሲኞራ ሐሙስ ከሰዓት ያሳርፉኛል። በፊት ካስትሮ ፕሬቶሪዮ በሚባለው ሰፈር ከአገር ልጆች ጋር ሻይ እየጠጣሁ ነበር የማሳልፈው፤ አሁን ግን እዚያው አካባቢ ለትልልቅ ሰዎች ቋንቋ የሚያስተምሩበት ክፍል የኋላ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። እንቅልፌ ይመጣል፣ የተማርኩት በማግስቱ ይጠፋኛል፣ በአንድ ሐሙስ አምስት ቃል ይዤ ከወጣሁ ትልቅ ነገር ነው። የመጣውን ወረቀት አንድ ሁለት መስመር ራሴ ከለየሁ በኋላ ግን ለሳራ እሰጣታለሁ፤ «እስቲ ምን ይላል?» እላታለሁ። አጠገቧ ተቀምጬ፣ እስክትጨርስ እጇን እይዛለሁ። ደረቅ ነው።