የሰኢድ ፎጣ

የልጆቼ ዓይን በቀላ ቁጥር ያቺ ኮረብታ ትመጣብኛለች። እንድንይዛት የታዘዝነው ጠዋት ነው። ቀትር ላይ ያዝናት። ማምሻውን ጠላት ዙሪያውን ዘጋ፤ ምንጩም ከታች በእሱ እጅ ቀረ። እኛ ከላይ ሆነን በየኮዳችን የቀረችውን ውሃ መቆጠብ ጀመርን።

ከዚያ የዓይን ማዝ መጣ። ማን እንዳመጣው አላውቅም፤ ያዛመትነው ግን ሁላችንም ነን። ጋንታችን ላቡንም ዓይኑንም የሚጠርገው በአንድ ፎጣ ነበር። «የእኔ» ማለት እኛ ዘንድ ነውር ነው። የራሱን ፎጣ ከብብቱ የማይለየው የቡሬው ሰኢድ ብቻ ነበር። ለሶላት የለያት ናት፤ ሲተኛም ፊቱን ይሸፍንባታል።

«የነጋዴ ልጅ አይደል፣ ሊሸጥልን ይሆናል» እያልን እንስቅበት ነበር። አብሮን ይስቃል፤ ፎጣውን ግን አይሰጥም።

ደምላሽ የቋሪት ገበሬ ነው። አንድ ጠዋት የተጣበቀ ዓይኑን በጣቱ እየፈለቀቀ «ይኸ ነገር በሬዬን ይዞት ያውቃል። ከመንጋው ነጥለህ ማሰር ነው» አለ።

«የት እንነጠል፣ ወንድምዓለም?» አልኩት።

በአንዲት ምሽግ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀናል። ዝንቡ ካንዱ ዓይን ወደ ሌላው ይመላለሳል። ብርሃኑ እንደ በርበሬ ይለበልባል። ጥይት ከየት እንደሚመጣ በጆሮ እንገምታለን። እውነቱን ለመናገር፣ ከሞት ይልቅ ሳላይ መማረክን ፈራሁ።

በመጨረሻ በሬዲዮ ውጡ ተባልን። ማለዳ ጭጋግ ሲወርድ መቶ አለቃችን «ማን ያያል?» ብለው ጠየቁ።

«እኔ አያለሁ» አለ ሰኢድ።

ፊት ሆነ። የእሱን ቀበቶ ደምላሽ፣ የደምላሽን እኔ፣ እንዲያ ተያይዘን ወረድን። «ድንጋይ አለ። ወደ ግራ። አብሽሩ፣ ደርሰናል» ይለናል።

መትረየስ ተከፈተ። ቀበቶው ከደምላሽ እጅ አመለጠ። «ቀጥ ብላችሁ ሩጡ!» አለ ሰኢድ ከመሬት። ሮጥን። ድምፁ ከኋላችን ቀረ።

ረፋዱ ላይ የወገንን ጥሪ በጆሮ እየተከተልን ደረስን። ማየት ስላልቻልን በድምፅ ተቆጠርን። አምስት ስም ተጠርቶ መልስ አጣ፤ አንዱ የሰኢድ ነበር። ዓይናችን በቅባት በጥቂት ቀን ዳነ። ይህን ያህል ቀላል በሽታ ነው።

ዛሬ ዛሬ ቡሬ ገበያ ስወጣ የሰኢድ እናት ከሱቃቸው በር ላይ ያስቀምጡኛል።

«ልጄ፣ የወደቀበትን ንገረኝማ። ዛፍ አለው? ድንጋይ ነው?»

ምን ልበላቸው? ያን ቦታ ያየው እሱ ብቻ ነው።