ፀሐይ ውስጥ የሚሠራው ሙሽራ

ቡራዩ ውስጥ ጋሽ ሽመክት ለሽምግልና ሄደው ያልተሰጠች ልጃገረድ የለችም። በሥራቸው የቧንቧ ዕቃ ነጋዴ ናቸው፤ ሱቃቸውን የሚያጨናንቀው ግን ሚስት ፈላጊ ነው። የቀን ሠራተኛውን ኮንትራክተር፣ ኮንትራክተሩን ሚኒስትር ለመሆን ጥቂት የቀረው አድርገው ያቀርባሉ። በምላሳቸው የገፈርሳን ግድብ ያለ ዝናብ ይሞሉታል።

የኪዳነወልድ ጉዳይ ግን ፈተናቸው። ልጁ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የፀሐይን ሆድ ዕቃ የሚያጠና ነው፤ ሊያገባት የሚፈልጋት ደግሞ ያኔት ናት። አባቷ ኦቦ ዲሪብሳ የመናገሻ ገበሬ ናቸው፤ በሬ ሲገዙ ጥርሱን ብቻ ሳይሆን ሐሳቡንም ካላዩ አይከፍሉም።

እሑድ ጠዋት ጋሽ ሽመክት ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ኦቦ ዲሪብሳ ፊት ቆሙና፣ እንደ ልማዳቸው ትንሽ አጋነው፣ «ልጃችን ፀሐይ ውስጥ ነው የሚሠራው» አሉ።

ኦቦ ዲሪብሳ ለሚቃጠል ሰው ልጅ አልሰጥም አሉ። ጋሽ ሽመክት ደንግጠው፣ የሚያጠናትማ ከሩቅ ሆኖ ነው ብለው አስተካከሉ። ይሄ ባሰ። ሳይቀርባት ውስጧን በምን አወቀ? ይህ ካልተብራራ ልጅ የለም።

ጋሽ ሽመክት በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ቃል አጠራቸው። ወግ ተሽሮ፣ ታክሲ ማዞሪያው ጋ ጥፍሩን ሲበላ የነበረው ሙሽራ በስልክ ተጠራ።

«ድስት ሲፈላ ክዳኑ ይንቀጠቀጣል አይደል፣ አባባ?» አለ ኪዳነወልድ። «የፀሐይም ፊት ውስጧ ሲንተከተክ ከፍ ዝቅ ይላል። በእኛና በእሷ መካከል አየር ስለሌለ ድምፁ አይደርሰንም፤ መንቀጥቀጡን ግን በመሣሪያ አይተን ውስጧን እናሰላለን።»

ኦቦ ዲሪብሳ ተነሥተው ወጥ ቤት ገቡ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ደመቀች በትዳር ዘመናቸው እዚያ አይተዋቸው ስለማያውቁ ቤቱ የተቃጠለ መሰላቸው። ሰውዬው ድስቱ ላይ አጎንብሰው ክዳኑን እንደ ማታ ዜና አዩት። ሲመለሱ ጥያቄያቸው በዝቶ ነበር። መሃሏ ላይ የተፈጠረው ብርሃንስ ቶሎ ይወጣል? ኪዳነወልድ ደስ ብሎት፣ እየተጋጨ ብዙ ሺህ ዓመት ይፈጅበታል አለ።

ይህን ባይናገር ይሻለው ነበር።

«ብርሃን ያን ያህል ከታገሠ አንተ አምስት ዓመት ብትታገሥ ምን ትሆናለህ?»

ጋሽ ሽመክት በክርናቸው ጎሸሙት።

«ሌላም የሚወጣ ኢምንት ቅንጣት አለ፤ ኒውትሪኖ ይባላል» አለ ልጁ እየተንተባተበ። «እሱን የሚያግደው የለም ማለት ይቻላል፤ በስምንት ደቂቃ እዚህ ነው። የመሃሏን ወሬ ትኩሱን የሚያደርስልን እሱ ነው።»

ኦቦ ዲሪብሳ አሰቡ። ወደ ወጥ ቤት ተጣርተውም ወይዘሮ ደመቀችን አማከሩ።

«ስምንት ደቂቃ» አሉ በመጨረሻ፣ «ለድንኳን መትከያ እንኳ አይበቃም። ቶሌ፣ እሺ፤ ሠርጉ ጥር ይሁን።»