ለሻምፒዮኑ ቤተሰብ ቅርብ የሆነው ፀጉር አስተካካይ

ሰፈሩ «ማስረጃው» ይለዋል። ሙያው ፀጉር ማስተካከል፣ አመሉ ወሬኛን ማፋጠጥ ነው። «እገሌ የተባለው የመኪና ተወዳዳሪ ከቀዩ ቡድን ወጥቶ ወደ ቢጫው ሊዛወር ነው አሉ» ካልከው፣ መቀሱን አየር ላይ ያቆምና «ማን አለ? ውሉን አይተሃል? ወይስ ሻንጣውን አብረህ ሸክፈሃል?» ይልሃል። እውነቱን ነው። ጋዜጦቻችን በየሳምንቱ የሚያዛውሯቸው የእሽቅድምድም ጀግኖች ዛሬም እዚያው የድሮ መኪናቸው ውስጥ ተቀምጠዋል፤ የተዛወረው የሰፊው ወሬ ሸማች ልብ ብቻ ነው።

ይህ ሰው አንድ ደካማ ጎን ነበረው፤ ታናሽ ወንድሙ። አባታቸው ሲሞት እሱ ትምህርቱን ጥሎ መቀስ ያዘ። ታናሹ ግን ተማረ፣ ተማረና የራዲዮ ስፖርት አቅራቢ ሆኖ አረፈው። ሱቁ ውስጥ ያለችው ሶኬት አንዲት ናት። የወንድሙ ሰዓት ሲደርስ ቶንዶዙ ይነቀላል፣ ራዲዮው ይሰካል፤ የቸኮለ ደንበኛም ቢሆን በመቀስ ይጨርሳታል። «የእኔ ልጅ ያላጣራውን አያወራም» ይላል ማስረጃው፣ ያለ አንዳች ማስረጃ።

ባለፈው ወር ታናሽየው ሊስተካከል መጣ።

«ጋሼ፣ የቀዩ ቡድን ሻምፒዮን የት የሚሄድ ይመስልሃል?»

«ወደ ቢጫው ነዋ! ሚስቱ ቀይ አይሄድብህም ብላዋለች።»

ሱቁ በሳቅ ፈረሰ። ታናሹም አብሮ ሳቀ።

በማግስቱ ራዲዮው፣ «ለሻምፒዮኑ ቤተሰብ ቅርብ የሆኑ ታማኝ ምንጮች ለዝግጅታችን እንደገለጹት» ብሎ ጀመረ። ቢጫው፣ ሚስትየዋ፣ ቀለሙ፣ አንዷም አልቀረች። የማስረጃው መቀስ አየር ላይ ቀረ።

«እኔ እኮ ነኝ! የትናንቱ ቀልዴ ነው! ሰምታችሁ ስቃችሁ የለም እንዴ?»

«ሰምተናል» አለ ጎረቤቱ ልብስ ሰፊ። «ግን አንተም ከሆነ ቦታ ሰምተህ ነዋ!»

«በወንድምህ ቀናህ እንዴ?» አለ ሌላው።

ማስረጃው ስልኩን አነሳ።

«አስተባብል» አለው ወንድሙን። «እኔ እዚህ ሰው ፊት የምኮራው በአንተ ነው። ሌላ ምን አለኝ?»

«ኧረ ጋሼ፣ አታካብደው! ሁሉም እንዲሁ ነው የሚሠራው። እሺ በቃ፣ ነገ አስተባብላለሁ። አንተን ይንሳኝ!»

በማግስቱ ሱቁ ጢም አለ። ማስረጃው ልብስ ሰፊውን ግማሽ ጭንቅላቱን ላጭቶ ሲያበቃ ቶንዶዙን ነቀለ፣ ራዲዮውን ሰካ፣ ድምፁን እስከ ጥግ ከፈተው። «አሁን ስሙ» አለ።

«ዜናችንን ለማስተባበል የሚሯሯጡ ወገኖች መኖራቸውን ደርሰንበታል» አለ ያ ያሳደገው ድምፅ። «ይህም የዝውውሩን እውነትነት ይበልጥ ያረጋግጣል።»

ተጨበጨበ። ወዳጄ፣ ይሰመርበት፤ ተጨበጨበ!

«አላልኩህም?» አለ ልብስ ሰፊው።

ማስረጃው አልተሳደበም፤ ውሉን አሳዩኝም አላለም። እጁን ሰደደና የራዲዮውን ገመድ መዘዘ። ወንድሙ «በቀጣይ ታማኝ ምን…» እንዳለ ተቆረጠ። በቦታው ቶንዶዙን ሰካ።

«እንዴ! ዜናው ገና መች አለቀና?» አለ ልብስ ሰፊው።

«አንገትህን ዝቅ አድርግ» አለው።