የደብረ ብርሃን ልጅ አይበርዳትም ያለው ማነው?

ንግስት አንድ የምትጠላው ነገር አለ፦ «አንቺ የደብረ ብርሃን ልጅ አይደለሽም እንዴ? ብርድ ምን ያደርግሻል?» መባል። ይህን በቀልድ የሚላት ሰው ብዙ ነው፤ ስቃ ታልፈዋለች። ከጋሽ ክፍሌ አፍ ሲወጣ ግን ደሟ ይፈላል። ጋሽ ክፍሌ አይቀልዱማ! የቤት አከራይዋ ናቸው፤ የሂተሩ መቆጣጠሪያም የተሰቀለው እሳቸው ሳሎን ግድግዳ ላይ ነው።

ቤቱ አሜሪካ፣ ዋሽንግተን አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ላይ ጋሽ ክፍሌ ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ይኖራሉ፤ ታች ቤዝመንቱ ውስጥ ንግስት አለች። በፈረንጆቹ 2006 ዲቪ ደርሷት ልጇን ዮሐናን ይዛ ስትመጣ ኤርፖርት ድረስ ሄደው የተቀበሏት እሳቸው ናቸው። ወረቀቷን ያስጨረሱላት፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ ያለ ሆቴል ውስጥ አልጋ የማንጠፍ ሥራ ያፈላለጉላትም እሳቸው። ውሸት አይነገርም፣ ባለውለታዋ ናቸው። ግን ውለታ ነው ተብሎ ሰው ይቀዘቅዛል?

የጋሽ ክፍሌ ፍልስፍና ይሄ ነው። «ይሄ እኮ ሚኒሶታ አይደለም! ባሕሩ አፍንጫችን ሥር ነው። የባሕር አገር አየር ለስላሳ ነው፤ ሂተር የሚያስፈልገው አይደለም። አዲስ አበባ በሐምሌ ስንንቀጠቀጥ ሂተር የነበረው ማነው? ጋቢ ደርበን አድገናል፤ ምን ሆንን? ሂተር ሰውን ልፍስፍስ ነው የሚያደርገው።»

ባሕሩ አፍንጫችን ሥር! እስኪ መኪናቸውን አስነስተው ይድረሱበት፤ ድልድይ ተሻግረው፣ ነድተው ነድተው ወገባቸው ሲቆረጥ ያገኙታል። ለደብረ ብርሃኑም ቢሆን መልስ አላት፤ አፏ ላይ እየመጣ ትውጠዋለች እንጂ። ደብረ ብርሃን ሰው ባዶ ቤት ተጎልቶ ብርድ ሲጠጣ አያድርም። ኩበት ይነዳል። ግድግዳው ወፍራም ነው። የበግ ጠጉር ባናው አንዴ ከደረቡት ለመገላበጥ እንኳ ይከብዳል። በጎቹ ሳይቀሩ ማታ ቤት ገብተው በትንፋሻቸው ያሞቃሉ። ብርድ ስላለ እኮ ነው እሳት የሚነደው! ይሄ ምን ፍልስፍና ያስፈልገዋል?

ሆቴሉ ደግሞ ሌላ ማቃጠያ ነው። እንግዳ የሌለበት ክፍል ሲሞቅ ይውላል። ንግስት በአጭር እጅጌ ላቧን እየጠረገች አንሶላ ትዘረጋለች፤ ማታ ቢጫውን ባቡር፣ ከዚያ ቀዩን ይዛ ቤቷ ትገባና ካፖርቷን ሳታወልቅ ሽንኩርት ትከትፋለች። ለአልጋና ለመጋረጃ የሚነድ ሙቀት ለእሷ ታጣ። ምን ይባላል ይሄ?

እንዲህ እያለች ስምንተኛው ዊንተር መጣ። ለራሷ ቢሆን ኖሮ ሌላ ስምንት ትችል ነበር፤ እሷ እንደሆነ መቻል ታውቅበታለች። በ2013 ዲሴምበር ላይ ግን ዮሐና ወንድ ልጅ ወለደች። ባሏ ምናሴ ትራክ ነጂ ነው፤ ዛሬ ኦሃዮ፣ ነገ ቴክሳስ። አራስ ደግሞ ብቻዋን አትተኛም። ስለዚህ ዮሐና ልጇን ታቅፋ እናቷ ዘንድ ቤዝመንቱ ውስጥ ታረሰች።

ንግስት ያን ቀን ወደ ላይ ወጣች። ጋሽ ክፍሌ በካናቴራ ሆነው ቴሌቪዥን ያያሉ። ፀሐይ በትልቁ መስኮት ገብታ ሶፋው ላይ ተንጣላለች፤ ምድጃው ላይ ወጥ ይንተከተካል።

«ጋሽ ክፍሌ፣ አራስ ቤት ነው እኮ ያለን። እባክዎን ሂተሩን ትንሽ ከፍ ያድርጉልን» አለች።

«እዚህ ቤት ይበርዳል? እኔ እኮ ላብ በላብ ሆኛለሁ!»

አልዋሹም፤ እሳቸው በእውነት ሞቋቸዋል። እዚያ ግድግዳ ላይ ያለው ዕቃ ሳሎኑ ሲሞቅ ቤቱ በሙሉ የሞቀ እየመሰለው ሂተሩን ያጠፋዋል። ታች ሲሚንቶ ላይ የተኛችውን አራስ ከየት ያውቃታል?

«አንድ ጊዜ ወርደው ይዩት እስኪ።»

«ኧረ ተይ! አራስ ቤት ወንድ ዘው አይልበትም። ነውር ነው» አሉ፤ ቀጥሎም ያችኑ የደብረ ብርሃኗን ነገር ደገሟት።

አያችሁልኝ? አራስን ማቀዝቀዝ ነውር አይደለም፤ ገብቶ ማየት ነው ነውሩ!

ንግስት ተናዳ ሄዳ ትንሽ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ገዛች። ሰካችው፤ የቤቱ መብራት በሙሉ ድርግም አለ። ጋሽ ክፍሌ ያኔ መንገዱ አልጠፋቸውም። «ቤቴን ልታቃጥሉት ነው!» እያሉ ከደረጃው ላይ ጮኹ፤ ማሞቂያውን አስወጥተው ጋራዥ ቆለፉበት። ከዚያ በኋላ ሕፃኑ እንደ ጥቅልል ጎመን ተደራርቦ ተጠቅልሎ ይውላል፤ ማታ አያቱ ደረቷ ላይ ለጥፋው ታድራለች። እጁ ግን አይሞቅም። ተጨብጦ፣ ቀዝቅዞ፣ ጥፍሩ ሥር ሰማያዊ ሆኖ ይቀራል።

ዮሐና እዚህ አገር ተምራ ያደገች ናት። «ማሚ፣ ካውንቲውን ኮል እናድርግ። ኢሊጋል እኮ ነው! ቤቢው ቢታመምስ?» አለች።

«አፍሽን ያዢ! ኤርፖርት የተቀበለኝን ሰው ካውንቲ ሄጄ ለመንግሥት ልክሰስ? ሰው ምን ይለኛል?»

ይሄ ነው እንግዲህ የእኛ ነገር። ይሉኝታ! ሕፃን እየቀዘቀዘ እኛ የምንጨነቀው ስለ ሰው አፍ ነው። ንግስት ይህን ካለች በኋላ መታጠቢያ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች፤ በማን ላይ እንደተናደደች ለራሷም አልለይ አላት።

የገና ዕለት ብርዱ ባሰበት። የዚያን ዓመት ገና የሚያስታውስ ሰው ያውቀዋል፤ በየሰፈሩ የውሃ ቧንቧ ፈነዳ፣ ቴሌቪዥኑ ከቤት አትውጡ ይላል። የባሕር አገር ለስላሳ አየር እንግዲህ ይሄው! ቢሆንም ከቤተ ክርስቲያን የተመለሱ ሴቶች አራስ ሊጠይቁ መጡ። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያሉ ገቡ፤ ካፖርቱን ያወለቀ ግን የለም። ከግሪንቤልት የመጣችው ስሂን፣ የንግስት የማኅበር ጓደኛ፣ ጓንቷን እንኳ አላወለቀችም።

ንግስት ገንፎውን አቀረበች። መሐሉ ላይ ያፈሰሰችው ቅቤ የመጀመሪያው ሰው ሳይጎርስ ረግቶ ነጭ ሆነ። ሴቶቹ ቅቤውን አዩ፤ እርስ በርስ ተያዩ።

በዚህ መሐል ጋሽ ክፍሌ ወረዱ። በዓል ነው፣ ሰው ተሰብስቧል፣ እንግዲህ ነውር የለም። ሙሉ ልብስ ለብሰው ነጠላቸውን አጣፍተዋል። ሕፃኑን ተቀብለው ከፍ አደረጉት።

«ጎበዝ! አያችሁት፣ አያለቅስም። የደብረ ብርሃን ደም ነው፤ ብርድ አይፈራም!» ብለው ሳቁ። ቀጥለው ለሰው ሁሉ እንዲሰማ አድርገው፣ «የዚህን ልጅ ክርስትና የማነሳው እኔ ነኝ። ሌላ ማንም እንዳይሻማኝ!» አሉ።

ሴቶቹ እልል ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ ንግስት ተነሳች።

«አያነሱም» አለች።

ጋሽ ክፍሌ ያልሰሙ መሰሉ። «ምን አልሽ?»

«አያነሱም አልኩ። እኔን ኤርፖርት ተቀብለውኛል፤ ውለታዎን አልክድም። ስምንት ዊንተር እዚህ ጉድጓድ ውስጥ ጥርሴ እየተንገጫገጨ ዝም ያልኩት ለዚያ ውለታ ብዬ ነው። ይሄ ልጅ ግን ምን ውለታ አለበት? እስኪ እጁን ይንኩት። ይንኩት እንጂ! የክርስትና አባት እኮ አባት ነው፤ አባት ልጁ ሲበርደው ያውቃል።»

ጋሽ ክፍሌ ጎንበስ ብለው ያቺን ጭብጥ በጣታቸው ነኩ። ነክተውም ቆዩ። ፊታቸው ተለዋወጠ። ሕፃኑን ለዮሐና መልሰው፣ ለማንም ደህና ዋሉ ሳይሉ ደረጃውን ወጡ።

ጥቂት ቆይቶ ግድግዳው ሥር ያለው የሂተር አየር መውጫ ቋ ቋ አለ። አቧራ አቧራ የሚል ሽታ መጣ፤ ከዚያ ትኩስ አየር መንፋት ጀመረ። ሴቶቹ አንድ በአንድ ካፖርታቸውን አወለቁ። ስሂን «ተመስገን!» አለች። ሕፃኑ ጭብጡን ፈታ፤ ጣቶቹ ቀስ እያሉ ተዘረጉ።

«ማሚ፣ ነይ እይ! ሞቀው» አለች ዮሐና።

ንግስት መጥታ አየች። ጣቶቹን አንድ በአንድ ሳመች። ከዚያ ቀና ብላ፣ «ስሂን፣ ያቺ ባዶ ክፍልሽ አሁንም አለች?» አለች።

«አለች እንጂ። ዛሬውኑ ኑ።»

«ዮሐና፣ የልጁን ዕቃ ሰብስቢ።»

«ማሚ! አሁን እኮ ከፈቱልን!»

«አዎ፣ ዛሬ ሰው ፊት አፍረው ከፈቱት። ነገ ደግሞ ሲሞቃቸው ይዘጉታል። የልጄ ልጅ የሰው ፊት እያየ አይሞቅም!»

ሴቶቹ ተነስተው ዕቃ ማሰር ጀመሩ። ንግስት ግን ሄዳ ከሂተሩ መውጫ ፊት ቁጢጥ አለች። መዳፏን አየሩ ላይ ዘርግታ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ሴቶቹ የደስታ መስሏቸው «አይዞሽ» አሏት። የምን ደስታ! ሰውየው ወጥተው አንድ ጣታቸውን ነው ያነሱት፤ ሌላ የሠሩት ነገር የለም። ንግስት ቀና ብላ ወደ ጣሪያው፣ የእሳቸው ኮቴ ወደሚሰማበት፣ ጮኸች።

«ስምንት ዓመት ሙሉ የከለከሉኝ ይሄን ነው?»