ለሳይክል «ይማርሽ» ያልኩ ዕለት

«ይማርሽ!» አልኩ ዛሬ ጠዋት። ያስነጠሰው ግን ሰው አይደለም፤ የልጅ ልጄ የእጅጋየሁ ሳይክል ነው።

ነገ ውድድር አለባት። ባለፈው ውድድር ዳገት መሃል ማርሽ ስትቀይር ካቴናው ወልቆባት፣ ሳይክሏን እያለቀሰች ገፍታ ነው የጨረሰችው።

ስለዚህ ዛሬ ግቢ ውስጥ ገለበጠችው። በአንድ እጇ ፔዳሉን እያዞረች በሌላው ማርሹን ትቀያይራለች። ካቴናው ከጥርስ ወደ ጥርስ ይዘላል፤ አንዱ ላይ ሲደርስ «እንጥሽ!» ይላል።

«የጎጃም ልጅ ሆነሽ ማርሽ ይጎረብጣል?» አልኳት።

«አባባ፣ ቅኔውን ይተዉትና ጆሮዎን ያውሱኝ!»

(ቅኔ ቤት የከረመ ሰው «ማርሽ» የሚል ቃል ሰምቶ እንዴት ዝም ይላል?)

ትንሿን ብሎን በፀጉር ስፋት ታዞራለች፣ ታዳምጣለች፣ እንደገና ታዞራለች። ድምፁ ሲጠራላት «ቁርጡ የሚለየው ዳገት ላይ ነው» ብላ ወደ አምበር በሚወጣው መንገድ ላይ ወዳለው ዳገት ወሰደችኝ።

እኔ ከላይ ቆምኩ። እሷ ከኮርቻው ብድግ ብላ ፔዳሉን እየረገጠች ከታች መጣች። የጭነት መኪና የሚያቃስትበት ቦታ ስትደርስ ማርሽ ቀየረች። ጆሮዬን አቆምኩ።

«ጠቅ» አለ፤ በቃ። እግሯ ቀለለ። ዳገቱ ጎንበስ ብሎ ያሳለፋት መሰለኝ! እኔ ዕድሜዬን ሙሉ እዚህ ዳገት ላይ የነበረኝ ማርሽ አንድ ከዘራ ብቻ ነው።

አምስት ጊዜ ወርዳ ወጣች፤ ማርሹ አንዴም አልሳተም።

«እንዴት ነው አባባ?» አለችኝ እያለከለከች።

ቀልድ ፈልጌ አጣሁ። ባርኔጣዬን አውልቄ እጅ ነሳኋት።

እናንተስ፣ ያሳደጋችሁት ልጅ አፋችሁን ያስያዛችሁ ቀን አለ? ነገ ዳገቱ ጫፍ ቆሜ ስጮህ ስለምውል ዛሬውኑ ጻፉልኝ።